የሚያፈሰውን የመንደር ውኃ ማን ያሠራል?

እናቶች ሆይ፣ የመንደራችሁ የእጅ ፓምፕ ጧት ጧት ብዙ ጊዜ ካልተወዘወዘ ውኃ አልሰጥ ብሏችኋል? ይህ ሲሆን ጒድጓዱ ደረቀ ብላችሁ አትደንግጡ። አዘውትሮ የሚሆነው፣ በውስጡ ያለው ጎማ አልቆ ወይም ቧንቧው አፍስሶ ውኃው ሌሊት ወደ ታች ሲመለስ ነው። በአገራችን ገጠር የሚታወቀው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ፣ ትንሽ የሠለጠነ የመንደር ሰው ጎማውን ሊለውጥለት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው።

ታዲያ ማን ይክፈል? በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ፣ የገጠር ውኃ ዋጋ የማስኬጃውንና የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን ይላል። ስለዚህ የጎማው ዋጋና የጠጋኙ ድካም በተጠቃሚው ላይ ነው። ጒድጓዱ የተደረመሰ እንደ ሆነ ግን ከመንደር አቅም በላይ ነውና ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል።

ቦኖ ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት ከሞላ፣ በቀንና በሌሊት 24 ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው፤ 20 ሊትር ከሚይዘው ጀሪካን ይበልጣል። ቆጣሪ ካለ ደግሞ መሬት የጠጣውንም ቆጥሮ ያስከፍላችኋል! የተኛው ውኃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ቧንቧው ተሰንጥቆ ከሆነም፣ ውኃው በተቋረጠ ጊዜ ጭቃው በስንጥቁ ይገባና በኋላ እንስራችሁ ውስጥ ይገኛል።

ገንዘቡ መሰብሰብ ያለበት ሳይበላሽ ነው። ለእድር እኮ ሰው እስኪሞት ጠብቀን አናዋጣም። ከተበላሸ በኋላ መዋጮ ሲጠየቅ አንዱ ገበያ ሄዷል፣ አንዱ እህል አልሸጥኩም ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱ ያልፋል። በዚያ መካከል እናት ወንዝ ወርዳ ትቀዳለች፣ ሕፃኑም ተቅማጥ ይይዘዋል። ባል ጥቂት ብር ቢቆጥብ ሚስቱ በጀርባዋ ከፈለችው ማለት ነው። ስለዚህ በውኃው ኮሚቴ ውስጥ ሴቶች ይግቡ፤ የገንዘቡን ሣጥን ቊልፍም አንዷ ብትይዝ እንወዳለን፤ የፓምፑን ሕመም ቀድማ የምታውቀው ቀጂዋ ናትና። ገቢና ወጪው በደብተር ይጻፍ፣ በየጊዜውም ለሕዝብ ይነበብ።

ከብት አሥሮበት የሰበረ ሰው ራሱ ያሠራ፤ በዚህ ላይ ሽማግሌ መሰብሰብም አያስፈልግም። አቅም የሌላት ባልቴት ግን ሳትከፍል ትቅዳ።

ፓምፑ ተፈትቶ ከተጠገነ በኋላ ወዲያው አትጠጡ። ጒድጓዱ በክሎሪን እንዲታከም የውኃ ባለሙያውን ጠይቁ፤ የክሎሪኑም ሽታ እስኪጠፋ ድረስ የሚወጣውን ውኃ ከከብትም ከሰውም አርቃችሁ ድፉት።