ኮረንቲ ሲመጣ ጥራኝ፦ ከአሶሳ ብየዳ ቤት

ብየዳ የመታኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ቀን ምንም አልተሰማኝም። ማታ ሦስት ሰዓት ሲል ግን ዓይኔ ውስጥ አንድ እፍኝ አሸዋ የበተኑብኝ መሰለኝ። እንባዬ ይወርዳል፣ የክፍሌን አምፖል ማየት አቃተኝ። ጎረቤታችን እትዬ ድንች ከትፈው አመጡልኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ በስልክ «ወተት ጠብ አድርግበት» አለኝ። በማግሥቱ ያየኝ ጤና ባለሙያ በሁለቱም ሳቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከብየዳው ብርሃን የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይንን የላይኛውን ስስ ሽፋን ያቃጥላል። ሕመሙ የሚነሣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ሲመታ አያውቀውም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል፤ ወተትና ድንች ግን ለቆሰለ ዓይን ጀርም ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የላቸውም።

ጥፋቱ የኔው ነው። ማስኩ እጄ ላይ ነበር። «አንድ ነጥብ ብቻ ነክቼ ልተወው» ብዬ ሳላጠልቀው ነካሁ፣ አለቀ።

የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው። ሁለት ዓመት ያህል የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ከረምኩና አሶሳ አጎቴ ጋ መጣሁ። ከአጎቴ ቤት ፊት ለፊት በር፣ መስኮት፣ የባጃጅ ጣሪያ፣ የጋሪ አካል የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት አለ። ባለቤቱን ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እኔም ጋሼ ልበላቸው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ ከመጡት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናቸው። «ልማር?» ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ዲግሪህን ቤት አስቀምጠህ ና፣ እሳት ይበላዋል» አሉኝ።

እናቴ ስትሰማ ግን አልሳቀችም። «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርንህ ለቀጥቃጭነት ነው?» አለች። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እናቴ ቤት ግን ገና አልደረሰም።

ጋሼ የሚያስተምሩት ከጋዝ ጀምረው ነው። ዛሬ ከአሥር ሥራ ዘጠኙን የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ቢሆንም «እሳቱን ማንበብ ሳትችል ኮረንቲ ብትይዝ ያታልልሃል» ይላሉ። መጀመሪያ ያሳዩኝ ካርባይድ ነው። አመድማ ድንጋይ ይመስላል። ውሃ ሲነካው ይፈላና ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጋዝ ይለቃል፣ አሲቲሊን ማለት ነው። ተሟጦ የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ኖራ ነው። በየጋራዡ ከበርሜል እየሠሩ ጋዝ የሚያወጡበት ዘዴ ይሄው ነው። አሲቲሊን ብቻውን ሲታመቅ ራሱን ያፈነዳል፤ አየርም እሳትም አይፈልግም። የፋብሪካው ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ የሚኖረው በስፖንጅ መሰል ነገር ተሞልቶ፣ በአሴቶን ውስጥ ሟሙቶ ነው። በርሜሉ ውስጥ ግን ስፖንጅም አሴቶንም የለም። ጋሼ በወጣትነታቸው በበርሜል ሠርተዋል፣ አሁን በሽጉጥ ብታስፈራሯቸው አይጠጉትም።

የኦክስጅኑ ሲሊንደር ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው። ራሱ አይነድም፣ የሚነድን ነገር ግን ያሳብዳል። ከፍ ባለ ግፊት የሚወጣ ኦክስጅን ቅባት ካገኘ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጋሼ ሬጉሌተሩን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በኦሞ ይታጠባሉ። መጀመሪያ ሳይ የሃይማኖት ሥርዓት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እሳቱ። አሲቲሊን ብቻ ሲለኩሱት ቢጫና ጥቀርሻ የሚተፋ ነው። ኦክስጅን ቀስ እያሉ ሲጨምሩ ነጣ ይልና አፉ ላይ ስለታም ጫፍ ያለው ትንሽ ሾጣጣ ይወጣል። ሾጣጣው ጥርት ሲል ሁለቱ ጋዞች ተመጣጠኑ ማለት ነው። ኦክስጅኑ ከበዛ ሾጣጣው ያጥርና ያፏጫል፣ ብረቱን ያቃጥለዋል፤ አሲቲሊኑ ከበዛ ደግሞ ብረቱ ካርቦን ይጠጣና እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ ይሄ እሳት ከ3,000 ያልፋል። እኔ አንድ ላሜራ ለመግጠም አምስት ላሜራ በሳሁ። ለስስ ነገር፣ ለነሐስና ለመቁረጥ አሁንም ጋዝን የሚተካ የለም። ችግሩ ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ በጭነት መኪና መምጣቱ ነው። መኪናው ዘገየ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው።

የኤሌክትሪኩ ብየዳ አነሳሱ ሌላ ነው። በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ኮረንቲው አየሩን ዘሎ ሲያልፍ ብዙ ሺህ ዲግሪ ሙቀት ይፈጠራል። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሰዎች የሚጠቀሙት ምንም ያልተቀባ ዘንግ ነበር፤ የቀለጠው ብረት ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይስብና ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ኦስካር ሼልበሪ የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ከ1900ዎቹ መባቻ በኋላ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዘንጉን በሽፋን ለበጠው። ሽፋኑ ሲቃጠል ጭስ ሆኖ አየሩን ይከላከላል፣ ከዚያም ቅርፊት ሆኖ የሞቀውን ብረት ያለብሳል። እኛ በማርቴሎ ጫፍ እየኮረኮምን የምናራግፈው ያንን ቅርፊት ነው።

ኤሌክትሮዱ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ትርጉም አለው። 6013 ከሆነ፣ 60ው በአሜሪካ መለኪያ በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ መሳብ ይችላል ማለት ነው። 1 ቁጥሯ ወደ ታችም፣ ቆሞም፣ ከራስ በላይም ይበየድበታል ነው የምትለው። መጨረሻው የሽፋኑን ዓይነት ይነግራል። 7018 የሚባለው ለከባድ ሥራ ነው፣ እርጥበትን ግን አይችልም። ውሃ ከጠጣ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይገባና ከሰዓታት በኋላ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ይሰነጠቃል። የአሶሳን ክረምት የሚያውቅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጋሼ ኤሌክትሮዶቹን የሚያስቀምጡት ሞተሩ በሞተ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ሲሆን ውስጡ አንድ አምፖል ቀን ከሌት ይበራል። መብራት ሲሄድ አምፖሉም ይጠፋል፣ ያው።

መብራቱ ይሄዳል። ብየዳ ቤት የቀን ሥራ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው። «ኮረንቲ ሲመጣ ጥራኝ» ብሎ የሚሄድ ደንበኛ አለ፣ እኔም ራሴ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተጠርቼ አውቃለሁ። እዚሁ ክልል ውስጥ፣ መተከል ዞን ጉባ ላይ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይሄዳል። ምሬቴ ግድቡ ላይ አይደለም፤ ማመንጨትና ማከፋፈል የተለያየ ሥራ እንደሆነ ኢኮኖሚክስ ባልማርም አውቀዋለሁ። ግን ጄኔሬተር እያስነሡ ለአንድ የመስኮት ፍርግርግ ቤንዚን ሲያቃጥሉ ማየት አንጀት ይበላል።

ስለ ግድቡ ካነሣን ሌላም ነገር አለ። የግድቡ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ መጀመሪያ የተሰጠው ለሜቴክ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ውሉ እንደሚወሰድበት ተናገሩ። የተሰጠው ምክንያት መዘግየትና ልምድ ማነስ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሥራው እነ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ቮይት፣ ሲኖሃይድሮና ጌዡባ ለሚባሉ የውጭ ኩባንያዎች ተከፋፈለ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኃይል መነጨ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ነገሩን የማየው እንደ ፖለቲካ ነበር። አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው፦ በዚህ አገር ትልቅ ብረት መበየድ የሚችል፣ ተፈትኖ የተመሰከረለት ሰው ስንት አለን? አንድ ብየዳ ከላይ አምሮ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ በኤክስሬይና በአልትራሳውንድ የሚፈትሹት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ያለው መፈተሻ የጋሼ መዶሻ ነው።

እሱም ቢሆን ይሠራል። አንዲት አከራይ ለግቢያቸው የሮቶ ማስቀመጫ አዘዙ። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። ከሥሩ የተከራዮቹ ልጆች ይጫወታሉ። አንዱን እግር እኔ በየድኩ። ውበቱ! የዓሣ ቅርፊት የመሰለ፣ ወጥ መስመር። ፎቶ አንሥቼ ልለጥፈው ነበር። ጋሼ ዝም ብለው መጡና መዶሻውን አንድ ጊዜ አሳረፉበት። መስመሬ እንዳለ፣ እንደ ቅርፊት፣ ተላቅቆ ወደቀ። ኮረንቲውን ዝቅ አድርጌ ነበር፣ ላሜራ እንዳይበሳብኝ ስፈራ ልማድ ሆኖብኝ። የኤሌክትሮዱ ብረት አንጎላሬው ላይ ተኛ እንጂ አብሮት አልቀለጠም። ጋሼ አልተቆጡም። «ይሄ እኮ ማስቲሽ ነው» ብለው በግራይንደር ጠራርገውት «ድጋሚ» አሉኝ። ለ3.2 ሚሊ ሜትሩ ኤሌክትሮድ ኮረንቲውን 110 አምፒር ላይ አደረግኩት። በትክክል ሲሄድ ድምፁ ይለያል፣ ሽንኩርት ሲቁላላ እንደሚሰማው ነው።

በዚያ ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። መዶሻው ባይመታ ያ እግር ስንት ቀን ይቆም ነበር? ወር? ዓመት? እኔ ከአሶሳ ከሄድኩ በኋላ?

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልበል፣ የተማርኩት እሱን ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወደደ፣ የኛም ዕቃ ከውጭ ነው። ጋሼ ዋጋ ሲጨምሩ ደንበኛው አይጨቃጨቅም፣ ዝም ብሎ ወደ ቀርከሃ ይመለሳል። ቤኒሻንጉል የቀርከሃ አገር ነው፤ አጥሩም፣ አልጋውም፣ በሩም ከሱ ይሠራል። ክፍል ውስጥ ተተኪ ዕቃ ሲሉን ምሳሌው ሻይና ቡና ነበር። እዚህ ቱቦላሬና ቀርከሃ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው የበርታ ልጅ ሌላ ስሌት አለው። ኩርሙክ ላይ አላይድ ጎልድ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ ሲያለማው የቆየ ትልቅ የወርቅ ፕሮጀክት አለ፤ እሱ እዚያ መቀጠር ይፈልጋል። በር መበየድ እዚያ አያስገባም። ሲኦሲ ያስፈልጋል፣ ከሲኦሲውም በላይ በ45 ዲግሪ የተዘነበለን ቱቦ ዙሪያውን ሳያዞሩ መበየድ፣ በያጆች ስድስት ጂ የሚሉትን ማለፍ። ከሥራ በኋላ በቁርጥራጭ ቱቦ ይለማመዳል። ጋሼ የኤሌክትሮዱን ሒሳብ አይጠይቁትም።

የሚያሳስበኝ ሳንባው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 (በፈረንጅ) የብየዳን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ስንበይድ የዋልን ቀን ማታ ሁለታችንም እንደ ወባ አንቀጠቀጠን። እዚህም «ወተት ጠጣ» ነው መድኃኒቱ። ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም፤ ዚንኩን ፍቆ፣ ነፋስ ባለበት ቆሞ መሥራት ግን ይሻላል። ልጁ ምክሬን ሰምቶ ውጪ ላይ መሥራት ጀመረ፣ እስከሚዘንብ ድረስ።

ሮቶውን የሞላነው ቅዳሜ ነው። ጋሼ ልጆቹን ከግቢው አስወጥተው ውሃው ሲሞላ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እየዞሩ አዩ። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ብረቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። አልተሰነጠቀም። እሁድ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ ደግሜ አየሁት፣ ቆሟል። አከራይዋ በረንዳ ላይ ማንጎ እየላጡ ነበር፤ ለክፍያው የመጣሁ መስሏቸው «ግማሹን ሰኞ» አሉኝ።