የአባቶቻችንን ጨዋታ አንንጠቃቸው

ዳንግላ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አዛውንቶች ከመስጂድ ወጥተው ጥላ ሥር አረፍ ሲሉ ጠጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው የሚሰማው ነገር ቁም ነገር ላይመስለው ይችላል።

«ትናንት ማታ ዘነበ እኮ!»

«ዘነበ፤ ብቻ የኑጉን አበባ እንዳያረግፈው እንጂ።»

«ጉልበትህስ እንዴት ሰነበተ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ ብርድ ሲሆን ነው የሚያስቸግረኝ። አንተስ፣ እንቅልፉ መጣልህ?»

«የት ይመጣል! ግን ዛሬ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፤ በልቼ ዱዓ አደረግሁላቸው።»

ይህችው ናት ጨዋታዋ። ነገም ትደገማለች፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ዝናቡ፣ ጉልበቱ፣ የልጅ ልጁ፣ የጤፉ ዋጋ፣ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የሚሰጠው ደስታ። እኛም በትምህርት ቤት ከወጣቶች ጋር ስንወያይ «ሽማግሌዎች ሁልጊዜ የሚያወሩት ያንኑ ነው» ሲሉ እንሰማቸዋለን። እውነታቸውን ነው፤ ያንኑ ነው የሚያወሩት። ጥያቄው «ያንኑ የሚያወሩት ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ያልተረዳ ልጅ፣ እናት አባቱን የሚወድ እንኳ ቢሆን፣ ሳያውቅ ትልቅ ነገር ሊነጥቃቸው ይችላል።

ከወሬው ይልቅ ሰውየው

እንደሚታወቀው በአገራችን ሰላምታ አጭር አይደለም። የቤቱ፣ የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የአዝመራው ደኅንነት በየተራ ይጠየቃል። ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ይጠይቃል? ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ የተባለ የሰው ልጆችን ባህል ያጠና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው ጽሑፍ ላይ፣ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት አዲስ ነገር ለመንገር ሳይሆን እርስ በርስ ለመተሳሰር መሆኑን አስገንዝቦ ነበር። የእኛ አባቶች ግን ይህን ከምሁሩ በፊት በኑሯቸው አውቀውታል።

«ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ?» የሚለው ሰው የሚጠይቀው ስለ ጉልበት ብቻ አይደለም። «አለህ ወይ? እኔም አለሁ» ማለቱ ነው። ሰባና ሰማንያ ዓመት ለሞላው ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። አብረውት ካደጉት ብዙዎቹ አልፈዋል። በልጅነት ስሙ የሚጠራው፣ እናቱን የሚያስታውስ፣ ወጣት ሳለ ምን ያህል እንደሚሮጥ የሚመሰክርለት ሰው ከእነዚያ ሦስትና አራት ጓደኞቹ በቀር የለም።

ጨዋታው የመቆጣጠሪያ መዝገብም ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዛሬ ከቀረ ይጠየቃል፤ ነገም ከቀረ ሰው ይላካል። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ባሕር ማዶ ያለው ልጅ የአባቱን መታመም በስልክ ከመስማቱ በፊት፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት ጓደኞቹ የአካሄዱን መለወጥ አይተው ያውቁታል።

ዲናችን ይህን እንዴት ያየዋል?

አንዳንድ ወጣቶች «ሙስሊም ጊዜውን በከንቱ ወሬ ማጥፋት የለበትም» ይላሉ። ንግግሩ ትክክል ነው። ሆኖም ከንቱ ወሬ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሶሒሕ ሙስሊም ከጃቢር ኢብኑ ሰሙራ በተላለፈው ዘገባ፣ የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱብሒን ከሰገዱ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ ከመስገጃቸው አይነሱም ነበር። ሶሓቦችም በዚያ ተቀምጠው ስለ ጃሂሊያ ዘመን ትዝታቸው ያወሩና ይስቁ እንደነበር፣ እርሳቸውም ፈገግ ይሉ እንደነበር ተዘግቧል። ከነቢይ ጋር ተቀምጠው የድሮ ነገር እያነሱ መሳቅ ከተፈቀደ፣ የዳንግላ አባቶች የልጅነት ጨዋታቸውን እያነሱ ቢስቁ ምን ይገርማል?

በ505 ዓመተ ሒጅራ ያለፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተሰኘው ሥራቸው አንዱን ክፍል ለምላስ አደጋዎች፣ ሌላውን ክፍል ደግሞ ለወንድማማችነትና ለጓደኝነት ሥርዓት ሰጥተዋል። ሁለቱ ክፍሎች አብረው መነበብ አለባቸው። ጨዋታ ወደ ሐሜት ሲያልፍ፣ የሰው ገመና ሲገለጥበት፣ ነገር ሲዋሰድበት ይበላሻል። የሰውን ልብ የሚያሳርፍ፣ የታመመን የሚያስታውስና በአልሐምዱሊላህ የሚቋጭ ጨዋታ ግን የጓደኝነት ሐቅ ነው። አዛውንቶቻችንም ብዙ ጊዜ ይህን ድንበር ያውቁታል። አንዱ የሌላውን ነገር ሲያነሳ «ተወው፣ እሱ በሌለበት!» የሚል ሽማግሌ ከመካከላቸው አይጠፋም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ይህ ሁሉ የወንዶች ብቻ እንዳይመስለን። እናቶቻችን ወግ የሚይዙት ቡና ዙሪያ ነው። ጎረቤት ይጠራል፤ ቆሎ ይቀርባል፤ ስለ ቅቤው ዋጋ፣ ስለ ጨቅላዋ ጥርስ፣ ስለ ወገብ ሕመም ይወራል። የሦስቱ ስኒዎች ስም እንኳ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አቦል ከዐረብኛው «አወል» ማለትም ከመጀመሪያው፣ ቶና ከ«ሳኒ» ማለትም ከሁለተኛው ጋር ይቀራረባል። በረካ ደግሞ ያው በረካ ነው።

በአዊ ዞን የሚበዛው ነዋሪ የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ መሆኑ የታወቀ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቡና በብዙ የደጋ አካባቢዎች የሙስሊሞች መጠጥ ነው እየተባለ በክርስቲያኖች ዘንድ አይጠጣም ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ እየላላ የሄደው። ዛሬ ግን የሙስሊሟም የክርስቲያኗም እናት በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ያወጋሉ። አንድ ጊዜ መለያ የነበረው ስኒ መገናኛ ሆነ። ይህን ያደረገው የስብሰባ ውሳኔ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ያልተቋረጠ የጎረቤት ጨዋታ ነው።

ያልተጻፈ መዝገብ

ሮበርት ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ኖሯል። በበቅሎ እየተጓዘ ጣና ሐይቅንና ዓባይን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ከተማ የነበሩት አያቶቻችን ግን አብዛኛውን የሚያውቁትን አልጻፉም። በቃል ለልጆቻቸው አወረሱት። ልጆቻቸውም ዛሬ ጥላ ሥር የምናያቸው አዛውንቶች ናቸው።

ስለ ፈረስ ሲነሳ ማዳመጥ ነው! በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል የዓድዋን ድልና የፈረሶችን ውለታ የሚዘክር ነው። የበዓሉን ቀን ከሬዲዮ መስማት ይቻላል። የየትኛው መንደር ፈረስ እንዴት እንደነበረ፣ ባለቤቱ ምን ብሎ እንደሰየመው፣ ያ ፈረስ ሲሞት ሰውየው እንዴት እንዳለቀሰ የሚነግረን ግን ያ የሽማግሌዎች ጨዋታ ነው። ከአማርኛ ወደ አገውኛ፣ ከአገውኛ ወደ አማርኛ እየተሻገረ የሚወራውን ወግ ማንም በወረቀት አላሰፈረውም። ሽማግሌው ሲያልፍ ወጉም አብሮት ያልፋል።

በፍቅር የሚደረግ ንጥቂያ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዳንግላ ልጅ ተምሮ ወይም ነግዶ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ አልፎም ባሕር ማዶ ይኖራል። ሲደላው መጀመሪያ የሚያስበው ወላጆቹን ነው። «አባቴ ይበቃዋል፤ መጥቶ እኔ ዘንድ ይረፍ» ይላል። ኒያው መልካም ነው፤ አላህም በኒያው ይመነዳዋል። አባትየው ይመጣሉ። ክፍል ይሰጣቸዋል፤ አልጋው ለስላሳ ነው፤ ምግቡ ይቀርባል፤ ቴሌቪዥን ይከፈታል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ባልና ሚስት ወደ ሥራ ይሄዳሉ። አባት አራተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት እያዩ ይውላሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ምግቡ አልጣፍጥ ይላቸዋል። ነገር ይረሳሉ። «ወደ አገሬ መልሱኝ» ማለት ይጀምራሉ። ልጅ ቅር ይለዋል፤ «ምን ጎደለባቸው?» ይላል። የጎደለባቸው «ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ?» የሚላቸው ሰው ነው! ልጅ «መድኃኒት ወሰዱ?» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም «አዎ» ይላሉ። ይህ ግን ጨዋታ አይደለም።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችን አሰባስቦ ከ308 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ያካተተ ምርምር፣ ጠንካራ የሰው ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ከሌላቸው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃና ብቸኝነት በዓመት ከ871 ሺህ ከሚበልጡ ሞቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጃፓን ደግሞ በ2021 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሰይመዋል። ሀብታሞቹ አገሮች ሚኒስትር ሾመው የሚፈልጉትን ነገር እኛ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አግኝተነዋል። ታዲያ በገዛ እጃችን ለምን እናፈርሰዋለን?

በቅርቡ የደረሰብንም ፈተና አስተምሮናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሁኔታ ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ መንገድ የተዘጋባቸው፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ርቆ ያለ ልጅ የወላጁን ደኅንነት ማወቅ በተቸገረበት በዚያን ጊዜ፣ በየቀኑ አጠገባቸው ሆኖ «እንዴት አደራችሁ?» ሊላቸው የሚችለው ጎረቤትና የዕድሜ ጓደኛ ነበር።

ምን እናድርግ?

ወላጅ ታሞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ካለበት፣ የሚጦረው ሰው ከሌለ፣ ወይም አገር ሰላም ካጣ፣ መውሰድ ግዴታ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንለው ሰውን ስንወስድ ጨዋታውንም እናስብ ነው። ለዚህም ጥቂት ነገሮችን እንጠቁማለን።

ከማዛወራችን በፊት እንጠይቃቸው። ዳንግላ ሆነው ጧሪ ቢቀጠርላቸው፣ ቤቱ ቢታደስላቸው የሚመርጡ ከሆነ በዚያው እንርዳቸው። ከወሰድናቸውም ለሶላት በእግራቸው የሚደርሱበት መስጂድ አጠገብ ቤት ብንፈልግ፣ የአካባቢውን አዛውንቶች ብናስተዋውቃቸው፣ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ወደ አገራቸው ብንልካቸው መልካም ነው። የጓደኞቻቸውን ስልክ መዝግበን በሳምንት አንድ ቀን እኛው ደውለን እናገናኛቸው። እግር የከዳቸው አባት ጓደኛቸውን መጠየቅ ሲፈልጉ የባጃጁን ሒሳብ እንክፈል። ይህች ሳንቲም ከውድ ጋቢ ይልቅ ልታስደስታቸው ትችላለች።

ወጣቶች ደግሞ ስልካችሁን ኪስ ከታችሁ ለሩብ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጡ። «የመጀመሪያው መኪና ዳንግላ ሲገባ አባትዎ ምን አሉ?» «የልጅነት ጓደኛዎ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም በስልካችሁ ቅዱት። ይህ ለእነርሱ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 አሥራ አራት አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። የተጨነቁ ሰዎች እየመጡ ከአያቶቹ ጋር ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ በዚህ ወንበር ላይ የተረዱት ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክት መደበኛውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ይልቅ በጣም መቀነሱን አረጋግጧል። የአያት ጨዋታ ወጣትንም ያድናል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን! ወላጆቻችን እንጀራ ብቻ አይደለም የሚፈልጉት። አብሯቸው ያረጀ ሰው፣ ፀሐይ የሚገባበት መቀመጫና የሚጠይቃቸው አንደበት ይፈልጋሉ። ዛሬ ስትደውሉላቸው ከመድኃኒቱ በፊት «ከጓደኞችዎ ጋር ምን ተጫወታችሁ?» በሏቸው፤ መልሱንም ሳትቸኩሉ ስሟቸው። አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንወጣ፣ እርጅናቸውንም በጓደኛና በሰላም የሚያሳምርላቸው ያድርገን። ኣሚን።