ሰኔ ሲያልቅ ኳስ ሜዳ እንገናኝ

አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ለጓደኛው ደውሎ «ዘንድሮ የት ነው?» ካለ የሚጠይቀው ስለ ኳሱ ነው። በየዓመቱ ጁላይ 4 ሰሞን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ በየከተማው ያሉ የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው ሳምንት ሙሉ ይጋጠማሉ። አዘጋጁ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ነው። ስሙ ስለሚረዝም ብዙው ሰው «ፌዴሬሽኑ» ብሎ ያልፈዋል።

ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው በ1976 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዘመኑ ብዙ ይናገራል። አገር ቤት ደርግ ነበር። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ፣ በሱዳን በኩል የወጡ ወጣቶች በየከተማው መስፈር ጀምረዋል። አብዛኞቹ ቤተሰብ ያልመሠረቱ፣ ቀን ተምረው ማታ የሚሠሩ፣ አገር ቤት መመለስም የማይችሉ ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች ከሌላ ከተማ ቡድን ጋር መጋጠም ማለት የጠፋ የሰፈር ልጅን ማግኛ ሰበብም ነበር። ዛሬ እነዚያ ተጫዋቾች ሽበት አብቅለው፣ የልጅ ልጅ ይዘው ይመጣሉ።

ዝግጅቱ ቋሚ ቤት የለውም፤ ከተማ ለከተማ ይዞራል። በ2016 እ.ኤ.አ. ካናዳ ተሻግሮ ቶሮንቶ ነበር፤ ከዚያ ሲያትል፣ በ2018 ዳላስ፣ በ2019 አትላንታ። በ2020 ኮቪድ አስቀረው። ሰላም ብቻም አልነበረም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ሰሞን ዳላስም ዋሽንግተን ዲሲም ውድድር ተካሂዷል፤ «አንተ የትኛው ጋ ነህ?» ማለት ስለ ኳስ መጠየቅ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ስለ ኳሱ እውነቱን እንነጋገር። ተጫዋቾቹ ደሞዝተኞች አይደሉም። ከሥራ ፈቃድ ወስደው የሚመጡ ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ በአንዱ ጨዋታ የሚያስጨበጭብ ቅብብል ይታያል፤ በሌላው ደግሞ ከዕረፍት መልስ ትንፋሽ ያጥርና ኳሷ ወደ ላይ ብቻ ትሄዳለች። ያም ሆኖ ክርክሩ ከትልቅ ሊግ አያንስም። መስመሩ ዳር ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች እናት ዳኛውን «አንተ! አታይም እንዴ?» ስትል፣ ዳኛው አማርኛ ስለሚያውቅ ዞር ብሎ ፈገግ ይላል። አጠገቧ የከተማውን ማሊያ የለበሰ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመልስ፣ «አይዞህ! አይዞህ!» እያለ ይጮኻል።

አብዛኛው ሕዝብ ግን ያለው ድንኳኑ ጋ ነው። ከስታዲየሙ ጀርባ ጥብሱ ይንጫጫል፣ ክትፎው ይለበለባል፣ አንዱ ጥግ ረከቦት ተዘርግቶ ቡና ይቆላል። የሐበሻ ቀሚስና ባንዲራ ያለበት ቲሸርት ይሸጣል። አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ የሚሸጡ ደላሎችም ብሮሹር ይዘው መንገድ ይዘጋሉ፤ አንዱን ሳይቀበሉ ማለፍ ችሎታ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መተቃቀፉ ነው። ሠላሳ ዓመት የተለያዩ የክፍል ጓደኛሞች ሰልፍ ላይ ይገጣጠማሉ፤ እንጀራው ቀዝቅዞ ይቀራል እንጂ ወሬው አያልቅም።

ዓርብ የኢትዮጵያ ቀን ነው። ባህላዊ ልብስ፣ ሙዚቃ፣ ባንዲራ፣ የክብር እንግዶች፤ ግርግሩም የዚያኑ ያህል። ቅዳሜ ፍጻሜው ይካሄዳል። ፎቶ ለሚፈልግ ዓርብን የሚያህል የለም። ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ምርጫዬ በሳምንቱ መሐል ያለ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪና ማቆሚያ ይገኛል፣ የምግቡ ሰልፍ አጭር ነው፣ ልጁም ከሜዳው አጠገብ ቁጭ ብሎ የተጫዋቾቹን ድምፅ ይሰማል። ኮፍያና ውኃ አይረሳ፤ የጁላይ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። ትንሽ ኳስም ይያዝ። ልጆች ከግማሽ ሰዓት በላይ ሌላ ሰው ሲጫወት ማየት ይሰለቻቸዋል፤ ከመቀመጫው ኋላ የራሳቸውን ውድድር ይጀምራሉ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ ቤተሰብ ትኬት ቆርጦ ይገባና በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄዶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተሳስቆ፣ ማን እንደተጫወተ እንኳ ሳያውቅ ይመለሳል። ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች ግን ፈቃዳቸውን የጨረሱት ለዚያ ዘጠና ደቂቃ ነው። ዘንድሮ ከሄዳችሁ ክትፎው ይቆይላችሁ፤ የከተማችሁ ቡድን የሚጫወትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁና አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ደግፉ።