ሜሞሪው ከመኪናው ጋር ሲሄድ

የመኪና ካሜራ ገጣሚ ነኝ። ደንበኛ ፊት የምንለውን ታውቁታላችሁ፦ «ይሄን አስገጥም፣ ማንም አይነካህም።» ሱቁ ተዘግቶ እርስ በርሳችን ስንቀር የምናወራው ሌላ ነው። ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጠው ካሜራ ሾፌርን ከዋሾ ያድነዋል፤ ከዘራፊ ግን እምብዛም።

እኛ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ በመተግበሪያ የሚሠሩ የቪትዝና የያሪስ ሾፌሮች ናቸው። የሁሉም ሥጋት አንድ ነው፤ ከመሸ በኋላ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚወስድ ጥሪ። ከተሞቹ ምን አደረጉ? ሠራተኛው ሕዝብ በርካሽ ቤት ተከራይቶ የሚያድርባቸው ናቸው። ነገሩ የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። ተሳፋሪው አስኮን አልፎ አሸዋ ሜዳ ሲደርስ፣ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገና ሲወርድ ወይም ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሲያቀና፣ «ትሪፑን ዝጋው፣ በኮንትራት እንጨርስ፤ ላንተም ይሻልሃል» ይላል። ሾፌሩ ኮሚሽኑ ይቀርልኛል ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ማን እንደጫነና ወዴት እንደሄደ የሚመዘግብለት የለም። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድ የተባለውን የታክሲ መጥሪያ ስትመሠርት መነሻዋ ራሷ ታክሲ ስትፈልግ የገጠማት ሥጋትና የዋጋ ጭቅጭቅ ነበር። ያኔ የሚፈራው ተሳፋሪው ነበር፤ ዛሬ በእነዚህ ሦስት መንገዶች ላይ ከኋላው የተቀመጠውን በመስታወት የሚያየው ሾፌሩ ሆኗል።

ታዲያ ካሜራው ምን ይሠራል? ተራው ካሜራ የሚቀዳው ሆዱ ውስጥ ባለች ጥፍር በምታክል ሜሞሪ ላይ ነው። መኪናው ሲወሰድ ካሜራውም አብሮ ይሄዳል፤ የሌባው ፊት ያለበት ሜሞሪ በሌባው ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ለገዢ የሚነግር ሻጭ ብዙ አላየሁም። ምስሉን በሲም ካርድ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ ካሜራ አለ፤ ዋጋውም የዳታው ወጪም ከበድ ይላል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃውን ሾፌር እኔ በግሌ የማስገዛው ጂፒኤስ ነው። እሱንም ፓራብሬዛ ላይ አልገጥመውም፤ የት እንደምገጥመው እዚህ አልጽፍም።

ካሜራው ዋጋውን የሚመልሰው በጥቃቅኑ ማጭበርበር ላይ ነው። ቆሞ የነበረን መኪና በእጁ መትቶ «ገጨኸኝ» የሚለው፣ መብራት ላይ «ጎማህ ተንፍሷል» ብሎ ሾፌሩን ሲያስወርደው ጓደኛው ከጋቢና ስልክ የሚያነሳው፣ ወደ ኋላ መጥቶ ገጭቶህ ሲያበቃ «ከኋላ ገባብኝ» ብሎ ምሎ የሚገዘተው፣ እነዚህ ሁሉ ቪዲዮው ሲከፈት ዝም ይላሉ። ሩሲያ ውስጥ ካሜራ የተስፋፋው በዋናነት እንዲህ ባለው የኢንሹራንስ ማጭበርበር ምክንያት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን የጠፈር አለት ዓለም ያየው ሾፌሮች ለሌላ ነገር ባስገጠሟቸው ካሜራዎች ነው።

የሐሰተኛ ቴሌብር ነገር ግን አስቸጋሪ ነው። ተሳፋሪው «ላክሁልህ» ብሎ ስልኩን ያሳያል፣ ይወርዳል፣ ብሩ የለም። በጨለማ ውስጡን የሚቀዳው ሌንስ የስልኩን ስክሪን እንደ ነጭ ነጠብጣብ ነው የሚያየው፤ ቁጥሩ አይነበብም። የሚጠቅማችሁ ድምፁ ነው። ስለዚህ «ስንት ላክህ? ከየትኛው ቁጥር?» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ጠይቁት። መልእክቱ በራሳችሁ ስልክ እስኪገባም በሩን አትክፈቱ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሾፌር የተቀጣበትን ልንገራችሁ፤ ሰዓቱን። ካሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ በቻይና ሰዓት ተሞልቶ ሊመጣ ይችላል፤ የቻይና ሰዓት ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ግጭቱ ከምሽቱ 2፡20 ከደረሰ በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡20 መሆን ሲገባው ቪዲዮው ላይ የሚታየው 01፡20 ነው፤ ያውም የማግስቱ ቀን። የፖሊስ ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል፣ ቪዲዮው ላይ ሌላ ቀን አለ። ተቃራኒ ወገን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሌላም አለ፤ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ጥርት ባለ ምስል ሲቀዳ የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይይዝም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ጠዋት ተገጭታችሁ ማታ ሜሞሪውን ብታወጡ የምታገኙት የከሰዓቱን መጨናነቅ ነው። ቪዲዮውን የሚቆልፈውን ቁልፍ እዚያው ግጭቱ ቦታ ላይ ተጫኑት። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ካሜራ አላቸው ብላችሁ አትኩሩ፤ ብዙዎቹ ማስቀመጫ ካልተሰካላቸው ያያሉ እንጂ አይቀዱም።

ሾፌሮች የማይወዱት ወሬ ደግሞ አለ። ካሜራውን የሚያስገጥመው ብዙ ጊዜ ባለንብረቱ ነው፤ ዓላማውም ሌባ ብቻ አይደለም። ሾፌሩ ስንት ኮንትራት በጎን እንደሠራ፣ ማንን በነፃ እንዳሳፈረ ማወቅ ይፈልጋል። ሾፌሩም ያውቃል፤ ስለዚህ ገመዱ በየሳምንቱ «በራሱ ጊዜ» ይነቀላል። ትራፊክ ሲያስቆመው ካሜራው ላይ ፎጣ የሚጥልም አለ፤ ለምን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ባለንብረትና ሾፌር አስቀድመው ካልተስማሙ አደጋ በደረሰባት ቀን ካሜራው ጠፍቶ ነው የሚገኘው።

ስለ ክስ ባጭሩ፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አዲስ አበባ ጭናችሁ ቡራዩ ላይ ብትዘረፉ ጉዳዩ ያለው በኦሮሚያ ፖሊስ እጅ ነው፤ ወደ ሰፈራችሁ ጣቢያ ሮጣችሁ ሌሊቱን አታባክኑ። ከሜሞሪው ቅጂ አስቀሩና ዋናውን ለመርማሪው በፊርማ አስረክቡ። የተሳፋሪ ፊት ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ግን ይቅርባችሁ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ከሳሽ የነበረ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ካሜራ መሸጥ እንጀራዬ ነው፤ ግዙ። ያላችሁም የሌላችሁም ግን ከመሸ በኋላ ትሪፑን አትዝጉ።