የምትወልደዋ የባሕር ዳርቻ ዓሣ

ጀልባ የሌለው ሰው ከውቅያኖስ ብዙ ነገር አይጠብቅም። ቱናውም ሳልመኑም ያለው ራቅ ብሎ፣ ጥልቁ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ግን አንድ የዓሣ ወገን ኑሮውን ሞገድ አሸዋ ላይ በሚሰበርበት ጥግና በወደብ ምሰሶዎች ሥር አድርጓል፤ ስሙም ሰርፍፐርች ነው። ከሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ድረስ 20 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ ጥቂት ዘመዶቹም ጃፓንና ኮሪያ ዳርቻ ይገኛሉ። ሎስ አንጀለስ ወይም ኦክላንድ ለሚኖር፣ ባሕር እያየ አድጎ ለማያውቅ የአገራችን ሰው፣ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የሚሆን ዓሣ ያለ አይመስለኝም።

ለየት የሚያደርገው አወላለዱ ነው። አብዛኛው ዓሣ እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ዘርቶ ይሄዳል። የሐይቆቻችን ቆሮሶ እንኳ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ብትፈለፍልም መጀመሪያ መጣሏ አይቀርም። ሰርፍፐርች ግን አርግዛ ወራት ትቆይና አካላቸው የተሟላ፣ እንደ ወጡ የሚዋኙ ልጆች ትወልዳለች። ጽንሶቹ በእናታቸው ሆድ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ይመገባሉ። የክንፎቻቸው ጠርዝ በደም ሥር የተሞላ ስስ ቆዳ ስላለው ኦክስጅንንም በዚያ በኩል ይቀበላሉ። በካሊፎርኒያ አሸዋማ ዳርቻ በብዛት የሚያዘው፣ ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ የነሐስ ቀለም መስመሮች ያሉት ዝርያ በአንድ ጊዜ በአማካይ 33 ልጆች ይወልዳል። ሌሎች የባሕር ዓሦች እንቁላላቸውን በሺህና በሚሊዮን ሲጥሉ ይህ እጅግ ትንሽ ነው።

ሳይንስ ይህን ያወቀው በአንድ አጥማጅ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ኤ. ሲ. ጃክሰን የተባለ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ሳውሳሊቶ በተባለው ቦታ ዓሣ ይዞ ለመንጠቆው ሥጋ ሊቆርጥ ሆዱን ሲከፍት ሕይወት ያላቸው ትንንሽ ዓሦች አገኘ። ነገሩን በሃርቫርድ ያስተምር ለነበረው ለሉዊ አጋሲ ጻፈለት። አጋሲ በ1853 ወገኑን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ፤ ከዝርያዎቹም አንዱን በጃክሰን ስም ሰየመው።

ወደ ማጥመዱ እንምጣ። ዳርቻ ላይ ዋናው ሥራ ውኃውን ማንበብ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ሄዳችሁ አሸዋውን እዩት፤ የተቦረቦሩ ጉድጓዶችና ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ቦዮች ይታያሉ። ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ዓሣው ለመብል የሚገባው እነዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጎበዝ አጥማጆች ባሕሩ ከመሙላቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው ይቆማሉ። ጀማሪው በሙሉ ኃይሉ አርቆ ይወረውራል፤ ዓሣው ግን ብዙ ጊዜ ከእግሩ ሥር፣ ጉልበት በማይሞላ ውኃ ውስጥ ይዞራል።

ዓሣውን እዚያ የሚያመጣው የአሸዋ ሸርጣን ነው። ይህ ግራጫ ፍጥረት ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በኋላው በኩል ቆፍሮ አሸዋ ውስጥ ይገባና ላባ መሳይ አንቴናውን ብቻ አውጥቶ ከሚመለሰው ውኃ ምግቡን ያጣራል። ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ላይ ጫፋቸው የሾለ ትንንሽ ምልክቶች ካያችሁ ፈጠን ብላችሁ በሁለት እጅ ዛቁ። ከሁሉም የሚመረጠው ቅርፊቱን በቅርቡ የቀየረውና ሲጫኑት የሚለሰልሰው ነው። ዘንጉ ቀላል፣ ክሩም ቀጭን ይሁን። መሐሉ የተበሳ እርሳስ ክሩ ላይ እንዲንሸራተት ይደረጋል፤ ከእርሱ በታች ግማሽ ሜትር ያህል ስስ ክር ይቀጠልና 4 ወይም 6 ቁጥር መንጠቆ ይታሰርበታል። እርሳሱ ስለሚንሸራተት ዓሣው ሲነክስ ክብደቱ ቶሎ አይሰማውም፤ እናንተ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጠን ያለ መታ መታ በክሩ ይሰማችኋል። ብቻ ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ። በተለይ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሰሜን ባለው ዳርቻ ሳይታሰብ የሚመጣ ትልቅ ማዕበል ሰው ይወስዳል።

ሞገዱን የሚፈራ ወይም ልጆች ይዞ የሚወጣ ፒር የሚባለውን፣ ወደ ባሕሩ የተዘረጋውን መድረክ ይምረጥ። በካሊፎርኒያ ዳርቻ ላይ ለማጥመድ ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ ፈቃድ መግዛት አለበት፤ በሕዝብ ፒር ላይ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። እዚህ መወርወርም አያስፈልግም። ምሰሶዎቹ ላይ ጥቁር ቅርፊታም የባሕር እንስሳት ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ዓሣውም እነርሱንና በመካከላቸው የሚኖሩትን ጥቃቅን ፍጥረታት ሊለቅም ይመጣል። ክሩን ከምሰሶው አጠገብ ቀጥ አድርጎ ማውረድ ይበቃል።

የሚያዘው ብዛት ወሰን አለው፤ በካሊፎርኒያ ሕግ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ዝርያ ከ10፣ በጠቅላላው ከ20 ሰርፍፐርች አይበልጥም፤ ሻይነር የሚባለው ትንሹ ዝርያ ለብቻው ይቆጠራል። ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ደግሞ ከሻይነር በቀር ከኤፕሪል 1 እስከ ጁላይ 31 ድረስ ሰርፍፐርች ማጥመድ ክልክል ነው። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት የግዛቱን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ተመልከቱ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ዱቄት ነስንሶ መጥበስ ይስማማዋል። ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የተያዘውን ግን አትብሉት፤ ፒሲቢ የተባለው የፋብሪካ ኬሚካል ገላው ውስጥ ስለተጠራቀመ የግዛቱ የጤና ባለሙያዎች ጨርሶ እንዳይበላ ይመክራሉ።

ብዙዎቻችን ዓሣ የምንሻበት የዐቢይ ጾም ሰሞን የዚህች ዓሣ የእርግዝናና የወሊድ ጊዜ ነው። በዚያን ወቅት ሆዷ የወፈረ ትልቅ ዓሣ ከያዛችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ መንጠቆውን በቀስታ አውጡና መልሷት። ስትጨነቅ እዚያው ልጆቿን የምትጥልበት ጊዜ አለ፤ እነርሱንም አንድ በአንድ ለቅማችሁ ወደ ውኃው ጨምሯቸው፤ ቶሎ ከተመለሱ ሊተርፉ ይችላሉ። ለድስቱ መካከለኛዎቹ ይበቃሉ።