ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን ሞገድ እንዴት ይለካል?

ናይሮቢ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተር ያላቸው ቤተሰቦች ወደ እሱ ይዞራሉ። አምፖሉ ይበራል፤ ስልኩ ቻርጅ ይደረጋል፤ የፍሪጁ ሞተር ግን አንዳንዴ ያጉረመርማል፣ ከወትሮው በላይም ይሞቃል። በጥሩ ቴስተር ብንለካ ከግድግዳው ሶኬትም ሆነ ከኢንቨርተሩ የምናነበው ያው 240 ቮልት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሞተሩን ምን ነካው? መልሱ ያለው በሞገዱ ቅርጽ ላይ ነው። ቅርጹን የሚያሳየን ደግሞ ኦሲሎስኮፕ ነው።

የኬንያ የመስመር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ ወደ 340 ገደማ ይወጣል፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ በተቃራኒው አቅጣጫም ያንኑ ያህል ይወርዳል። 240 የምንለው የዚህ ውጣ ውረድ ውጤታዊ ዋጋ ነው። ርካሽ ኢንቨርተር ግን ለስላሳ ሞገድ በማውጣት ፋንታ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ያወጣል። በደረጃዎቹ ሹል ጠርዞች ውስጥ ፈጣን ንዝረቶች አሉ፤ ሞተሩ ለሥራ ስለማያውላቸው ወደ ሙቀትና ድምፅ ይለወጣሉ። በኦሲሎስኮፕ ስክሪን ላይ አግድሙ ጊዜን፣ ቋሚው ቮልቴጅን ስለሚያመለክት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የመሣሪያው ታሪክ የሚጀምረው ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 እ.ኤ.አ. ከሠራው የካቶድ ጨረር ቱቦ ነው። በዚያ ዘዴ የኤሌክትሮን ጨረር ሞገዱን ተከትሎ በመስታወቱ ላይ መስመር ይስል ነበር። ዲጂታሉ ኦሲሎስኮፕ ግን መጀመሪያ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ ይስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮቡ ቮልቴጁን ይቀበላል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛው ይቀንሰዋል። ከዚያ መለወጫው በእኩል የጊዜ ልዩነት ናሙና እየወሰደ እያንዳንዱን ወደ ቁጥር ይቀይራል። መለወጫው 8 ቢት ከሆነ 256 እርከኖች አሉት፤ የሚለካው ስፋት 8 ቮልት ቢሆን አንዱ እርከን 0.03 ቮልት ገደማ ነው። ቁጥሮቹ በማስታወሻው ውስጥ ይቀመጣሉ። ትሪገር የሚባለው ክፍል ሞገዱ የመረጥነውን ቮልቴጅ ሲያልፍ ጠብቆ ሥዕሉን ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ ያስጀምራል፤ ያለ እሱ ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ ይንሸራተታል።

እንግዲህ የምናየው መስመር ነጥቦች ተያይዘው የተሠራ ነው። ነጥቦቹ ካነሱስ? በየ7 ቀኑ ቅዳሜ የሚቆም ገበያ አለ እንበል። አንድ እንግዳ በየ8 ቀኑ ብቻ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቅዳሜ ደረሰ፣ ቀጥሎ እሑድ፣ ከዚያ ሰኞ። እንደገና ቅዳሜ ላይ የሚገጥመው ከ56 ቀን በኋላ ነው። ቢጠየቅ «ገበያው የሚቆመው በየ56 ቀኑ ነው» ይላል። ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው፤ ግን ተሳስቷል።

ኦሲሎስኮፕም እንዲሁ ይሳሳታል። በሰከንድ 1000 ዙር የሚመላለስ ሞገድ በሰከንድ 900 ጊዜ ብቻ ናሙና ቢወሰድበት፣ ስክሪኑ ላይ የ100 ዙር ንጹሕ ሞገድ ይታያል። ክሎድ ሻነን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ የናሙናው ብዛት በሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። በተግባር ግን 5 እጥፍና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ጥርጣሬ ካደረባችሁ የጊዜውን ማዞሪያ ለውጡ፤ የሚነበበው ድግግሞሽ አብሮ ከተለወጠ ሥዕሉን አትመኑት።

ለተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ የፕሮቡ መቆንጠጫ በመሣሪያው በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። መቆንጠጫውን ኤሌክትሪክ ባለው የሶኬት ሽቦ ላይ ማድረግ ሾርት ያስነሳል፤ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ሶኬትም ሆነ ኢንቨርተር ለባለሙያ ይተው። እናንተ በባትሪና ከስልክ በሚወጣ የድምፅ ሞገድ ጀምሩ።

የሞገድ ሥዕል ስታዩም ከማመናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ በሰከንድ ስንት ናሙና ተወሰደ?