ሁለት በርሜልና አንድ ሐይቅ

እንዶድ ተወቅጦ ልብስ ሲታጠብበት ነጭ አረፋ ያወጣል። አረፋው ወንዝ ሲገባ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን እንዶድ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበሰብሳል፣ ወንዙም ይጠራል። የዛሬው ጉዳያችን ሌላ አረፋ ነው። እሱ አይበሰብስም።

የነዳጅ እሳት በውሃ አይጠፋም። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል በላዩ ተንሳፍፎ መንደዱን ይቀጥላል፤ ውሃው ጭራሽ እሳቱን ያዛምተዋል። ለዚህ መላ ፍለጋ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነዳጁን በስሱ ሸፍኖ አየር የሚነሳው አረፋ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የነዳጅ ዴፖና የጦር ሰፈር ባለበት ሁሉ የአረፋው ፈሳሽ በጀሪካንና በበርሜል ተቀምጦ እሳት ይጠብቃል። አብዛኛው እሳት ሳያይ ያረጃል። ታዲያ ያረጀው የት ይድረስ?

የአረፋው ጉልበት የሚመጣው ፒፋስ ከሚባሉ ኬሚካሎች ነው። በእነሱ ውስጥ ካርቦንና ፍሎሪን እጅግ ጠንክረው ተቆላልፈዋል፤ ፀሐይም ሆነ አፈር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ቁልፉን አይከፍተውም። (በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለውና ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ ሌላ ነገር ነው፤ የስማቸው መቀራረብ አያምታታን።) ከፒፋስ ወገን ፒፎስ የሚባለው ሰው ደም ውስጥ ከገባ ለዓመታት ይቆያል፤ ከኮሌስትሮል መጨመርና ሕፃናት ከክትባት የሚያገኙት መከላከያ ከመዳከም ጋርም ተያይዟል። የስቶክሆልም ስምምነት ፒፎስን እ.ኤ.አ. በ2009 ከሚቆጣጠራቸው ኬሚካሎች መዝገብ አስገብቶታል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ሐይቅ ከተማ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ አጠገብ ያለው ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ውሃና የዙሪያው ጎርፍ ይገቡበታል፤ ከላዩ የሚወጣው በትነት ነው። ፒፎስ ደግሞ እንደ ጨው ነው፤ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና የገባ ነገር ቢያንስ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ይህም ለታችኞቹ የአፋር ወገኖቻችን መርዶ እንጂ ምሥራች አይደለም። ሐይቅ የገባው ግን እዚያው ከቆሮሶ ዓሣው ጋር ይከርማል፣ በቆሮሶውም አድርጎ ገበታችን ላይ ይቀርባል። ጣና ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በዓሣ ሥጋ ውስጥ ፒፋስ አግኝቷል። ደግነቱ መጠኑ ዝቅተኛ ነበር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በድሮው የፒፎስ አረፋ ፈሳሽ ውስጥ ከመቶ አንድ እጁ ፒፎስ ነው እንበል። በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ 2 ኪሎ ገደማ አለ ማለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመጠጥ ውሃ ያወጣችው ጣሪያ በሊትር 4 ናኖግራም ነው፤ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። በዚህ ሚዛን 2 ኪሎው 500 ቢሊዮን ሊትር ውሃ ጣሪያው ላይ ያደርሳል። ሐይቁ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋትና በአማካይ 37 ሜትር ጥልቀት ስላለው የሚይዘው 850 ቢሊዮን ሊትር ያህል ነው። ሁለት በርሜል ይበቃዋል።

ስለዚህ መድፋት አይታሰብም። መቅበርም ቢሆን ነገሩን ለጉድጓድ ውሃ በቀጠሮ ማስረከብ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ማቃጠል ደግሞ ያልተሰበረውን ኬሚካል ከጭስ ጋር ለጎረቤት ይበትናል። አዲስ አበባ ያለው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ይሞከር የሚል ሊኖር ይችላል፤ እሱ የተሠራው ለቤት ቆሻሻ ነው።

ቁልፉን የሚሰብረው ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ነው፤ እሱም ኬሚካሉ እሳቱ ውስጥ በቂ ጊዜ ከቆየና ጭሱ ከተጣራ። የሲሚንቶ ምድጃ እዚህ ላይ ሁለት በረከት አለው። ክሊንከሩ 1,450 ዲግሪ ይደርሳል፤ ውስጡ ያለው ኖራ ደግሞ የተፈታውን ፍሎሪን ይዞ ያስቀረዋል። አውስትራሊያ በዚህ መንገድ ተጠቅማለች። እኛም በሙገር፣ በደርባና በለሚ ምድጃዎች አሉን። ነገር ግን ምድጃ ስላለ ብቻ በርሜል አይገለበጥበትም፤ ፈሳሹ ትኩሱ ጫፍ ላይ መግባት አለበት፣ አስቀድሞ የሙከራ ቃጠሎ ተደርጎ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው መለካት አለበት። የአሜሪካ መከላከያ እንኳ ማቃጠሉ አጠራጥሮት እ.ኤ.አ. በ2022 ለጊዜው አቁሞት ነበር። ሌላው መንገድ ውሃን ከ374 ዲግሪና ከአየር ግፊት 200 እጥፍ በላይ አድርሶ ኬሚካሉን እዚያው ውስጥ ማፍረስ ነው። አረፋው ራሱ ፈሳሽ ስለሆነ ይስማማዋል፤ መሣሪያው ግን ውድ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ለአንበጣና ለተምች ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ሲያፈስ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ 1,500 ቶን ያህሉ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ታሽጎ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጠለ። ለአረፋውም ቢሆን አገር ውስጥ የተፈተነ ምድጃ እስኪገኝ ይኸው መንገድ ክፍት ነው። በእኔ አስተያየት አስተማማኙም እሱ ነው።

የመጋዘን ቁልፍ በእጃችሁ ያለ ሰዎች፣ የበርሜሉን ጽሑፍ አንብቡ፤ ፍሎሪን የሌለው ካልተባለ ፒፋስ እንዳለበት ቁጠሩት። ለልምምድ አትርጩት። ጣሪያ ሥር፣ ጠርዝ ባለው የሲሚንቶ ወለል ላይ አኑሩትና ብዛቱን ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አስመዝግቡ። የአደገኛ ቆሻሻን ጉዳይ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው። ወደ አዲሱ አረፋ ስትሸጋገሩ አሮጌው ታንክ የታጠበበትን ውሃም በርሜል ውስጥ አስቀምጡት እንጂ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት።